ያድግበታል

ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ሰው ሁሉ በደንገል ታንኳ በሚሻገርበት ዘመን አንድ የዘጌ ቡና ነጋዴ ነበረ። አባቱ የሞተበትን የእኅቱን ልጅ እንደ ልጁ ያሳድግ ነበር። ልጁ ፊደል ቆጠረ፣ ንባብ ወጣለት፣ ዳዊት ደገመ። ከዚህ በኋላ ቅኔ ቤት ይግባ ተብሎ ተመከረና ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራ እንዲሄድ ተቆረጠ። እናቱ በሶ ፈጨች፣ ዳቦ ቆሎ ቆላች። አጎቱ ደግሞ «ማኅደሩ በእኔ ይሁን» አለ።

ልጁ ይዞት የሚሄደው የአባቱን ዳዊት ነበር፤ ከአባቱ የቀረለት እሱ ብቻ ነው። የብራና መጽሐፍ ያለ ማኅደር መንገድ አይወጣም። ማኅደር ደግሞ መጽሐፉ ተለክቶ ነው የሚሰፋው። ቆዳው በገበታው ቁመትና በጥራዙ ውፍረት ልክ ይቆረጣል፤ መጽሐፉ ሲገባ ትንሽ ይታገላል፣ ከገባ በኋላ ግን ንቅንቅ አይልም። በመንገድ በትከሻ ይታነገታል፣ ቤት ሲደርስ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በ1837 እ.ኤ.አ. ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በግብፅ በረሃ በሶርያውያን ገዳም የሚኖሩትን የሐበሻ መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ሲጎበኝ ትኩረቱን የሳበው ይኸው ነበር። መጻሕፍቱ ሁሉ በየማኅደራቸው ሆነው በግድግዳው ችካል ላይ ተንጠልጥለው ነበር ያገኛቸው።

ወደ ነጋዴው እንመለስ። በጊዮርጊስ አጥር ሥር ማኅደር የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። ቡናውን ሸጦ ሲያበቃ ወደ እሳቸው ሄደ።

«አባ፣ ለእኅቴ ልጅ ማኅደር እፈልጋለሁ።»

«መልካም። መጽሐፉን አምጣልኝ፤ ልጁንም አምጣልኝ።»

«መጽሐፉ ዳዊት ነው፤ ዳዊት ደግሞ ያው ዳዊት ነው። ልጁም ቡና እየለቀመ ነው። እንዲሁ ሰፋ አድርገው ይሥሩልኝ።»

«ሰፋ ስትል ምን ያህል?»

ነጋዴው ክንዱን ዘርግቶ አሳያቸው። ሽማግሌው ክንዱን አዩ፣ ፊቱን አዩ።

«ልጁ ድጓ ተሸክሞ ነው እንዴ የሚሄደው?»

«ዛሬማ አይደለም። ነገ ግን ቅኔውን ጨርሶ ዜማ ቤት ይገባል፤ ድጓውን ይይዛል። ያን ጊዜ ሌላ ማኅደር ላሰፋለት ነው? ያድግበታል።»

«ልጁስ ያድጋል። ዳዊቱም ያድጋል?»

«አባ፣ ገንዘቡ እኮ የእኔ ነው።»

«ገንዘቡ ያንተ ነው» አሉና ቆዳውን ሳቡ።

ማኅደሩ አማረ። ቀይ ነው፤ ክዳኑ ላይ በጋለ ብረት መስቀል ተጥሎበታል፤ ማንገቻው ሦስት ጣት ይሰፋል። በታንኳው ላይ ያየው ሰው ሁሉ «ይህ የማን ነው?» እያለ ጠየቀ፤ ነጋዴውም በደስታ መለሰ። ልጁ ሊሰናበት ሲመጣ ሽማግሌው አንድ ወስፌና አንድ ጥቅል ጠፍር ሰጡት። አጎቱ «አዲስ ዕቃ ምኑ ይጠገናል ብለው ነው?» ብሎ ሳቀ። ልጁ ግን ወስፌውን በቀሚሱ ጠርዝ ሰክቶ መንገዱን ጀመረ።

በመጀመሪያው ቀን ዳዊቱ በማኅደሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲገላበጥ ዋለ። በየእርምጃው የገበታው ጠርዝ የልጁን ጎድን ይመታል። ልጁ ክፍተቱን ልሙላው ብሎ በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ጨመረበት፤ መምታቱ ተወ፣ ክብደቱ መጣ። በሁለተኛው ቀን ከየቤታቸው ወደ ዋሸራ የሚመለሱ ሁለት ትልልቅ ተማሪዎች ደረሱበት። አንደኛው ማኅደሩን ከፍቶ አየና «ይህ ሁሉ ባዶ ቦታ እያለህ ቅሌን ባንተ ላይ ባደርጋት ምን ትሆናለህ?» አለ። የውኃ ቅል ነበረች። ሌላው ፀሐይ ሲበረታ ደበሎውን አውልቆ አጣጠፈና ያቀብለው ጀመር። ያስገደደው የለም፤ ቦታው ነበረ፣ ጠየቁት፣ እሺ አለ። በሦስተኛው ቀን ልጁ የሦስት ሰው ዕቃ ተሸክሞ ከኋላ ሲያዘግም፣ ባለ ዕቃዎቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ከፊት ከፊት ቅኔ ይዘርፉ ነበር።

ዋሸራ ደርሶ ማኅደሩን ሲከፍተው ቅሏ አፍስሳለች። የዳዊቱ የፊት ገበታ ተሰንጥቋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ላይ ቀዩ ቀለም ከጥቁሩ ተደባልቋል። ልጁ አለቀሰ። ባለ ቅሉ ከልቡ አዘነለት፤ ውኃው ስለፈሰሰበት ደግሞ ትንሽ ተናደደ።

ያን ሌሊት ልጁ ጎጆው ውስጥ እሳት ዳር ተቀመጠ። ዳዊቱን አድርቆ ከማኅደሩ ጥግ ከተተው፤ ቆዳውን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ መጽሐፉ የሚያልቅበትን ፈለገ። የተረፈውን ቆዳ ወደ ውስጥ አጥፎ፣ በወስፌ እየበሳ፣ ጠፍሩን እያሳለፈ ሰፋው። ጣቱን ደጋግሞ ወጋው። ስፌቱ ጠማማ ነበር፣ ግን ያዘ።

ለቁራሽ ሊወጡ ሲነሡ ባለ ቅሉ እንደ ልማዱ መጣ። ቅሏን ለመክተት ሞከረ፣ አልገባችም። አዙሮ ሞከረ።

«ምን ሆነ ይኼ?»

«ጠበበ» አለ ልጁ።

«ማኅደርም ይጠባል እንዴ?»

«የዋሸራ ብርድ አያድርስ ነው።»

ትልልቆቹ ተያይተው ሳቁ፤ ልጁ ለቅኔ ይሆናል ማለት ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ዘጌ ሲመለስ አጎቱ ማኅደሩን አይቶ ደነገጠ። ያ ሁሉ ያማረ ቆዳ በቀዳዳ መስመር ተተልትሏል፤ አንዱ መስመር ተፈትቷል፣ ሌላው ተሰፍቷል፣ ሦስተኛው ገና ነው። «እንዲህ አድርገህ ነው የተጫወትክበት?» ብሎ ልጁን እየጎተተ ወደ ሽማግሌው ወሰደው። እሳቸው ዓይናቸው ደክሟል። ጣታቸውን በቀዳዳዎቹ ላይ እያስኬዱ፣ «ይህ ዳዊቱ ነው። ይቺኛዋ ወፈር ትላለች፤ ጾመ ድጓ ጽፈሃል መሰለኝ። ይህ አዲሱ መስመር ምንድን ነው?» አሉት። ልጁ ምን እንደያዘ ነገራቸው። አጎቱ ትዕግሥቱ አለቀ።

«እንዲህ ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን በልኩ አልሰፉለትም ነበር?»

«በምን ልክ?» አሉ ሽማግሌው። «መጽሐፉን አምጣ አልኩህ፣ ልጁን አምጣ አልኩህ። አንተ ይዘህልኝ የመጣኸው ክንድህን ነበር።»

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል። ፍቺውን በባሕር ዳሩ ፋሲሎ ሰፈር ላይ ላውርደው።

ነሐሴ ሲያልቅ በፋሲሎ ሱቆች በር ላይ ቦርሳዎች በመንጠቆ ተሰቅለው ይታያሉ። ከሥራቸው የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ያለፈ ልጅ ያለው አባት ወይም እናት ቆመው ከሁሉ ትልቁን ያስወርዳሉ። ብዙ ጊዜ ልጁ አብሮ የለም። የሚሰማው ቃል የነጋዴው ቃል ነው፤ ያድግበታል። እስከ 12ኛ ክፍል ያደርሰዋል ይላሉ። ለሹራብ ይህ ሒሳብ ያዋጣል፤ እጅጌው ይታጠፋል፣ ልጁ ይደርስበታል። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ተከፍቶ የሚዘጋ ዚፕ ግን እኔ አላየሁም። ሰፊ ሹራብ ደግሞ ሰው አይጨምርበትም፤ ሰፊ ቦርሳ ግን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ያለፈው ዓመት ደብተር፣ የጓደኛ ማልያ፣ ከሰኞ የቀረ ምሳ ዕቃ ይገባበታል። አንድ ሊትር ውኃ ብቻውን አንድ ኪሎ ነው። ሕንድ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የተማሪ ቦርሳ መመሪያ የቦርሳው ክብደት ከልጁ ክብደት 10 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጋለች። 45 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ይህ አራት ኪሎ ተኩል ይሆናል፤ ኮዳውና ምሳ ዕቃው ተነሥቶለት የሚቀረው ለደብተርና ለመጽሐፍ ብዙ አይደለም።

ድጓውም አለ። 9ኛ ክፍል ገና ሊጀምር ላለ ልጅ ከቦርሳው ጋር የኢንትራንስ ጥያቄዎች ጥራዝና የላይኛው ክፍል አጋዥ መጽሐፍ አብሮ የሚገዛ ወላጅ ብዙ ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህን ሰምቶ የተረጋጋ ወላጅ ካለ ልጅ የለውም። ነገር ግን 9ኛ ክፍል ላይ ልጁን የሚጠብቀው ሌላ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊዚክሱም፣ ጂኦግራፊውም። ዳዊቱ ይህ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያስፈልገው ጥራዝ በጎኑ እየተገላበጠ የሚጎዳው ይህንኑ ነው። የጎረቤት ልጅ የተማረበት፣ የአክስት ልጅ ያለፈበት፣ አባት ያልሆነው ሐኪም፣ ሁሉም ቦታ አለ ብሎ ይገባል። ልጁም እሺ ይላል፤ የባለ ቅሉን ቅል እንደተሸከመው ልጅ፣ ያስገደደው ሳይኖር።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። ትልቅ ቦርሳ የሚገባቸው ልጆች አሉ። ከገጠር መጥተው ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ቤተሰብ ሄደው የሳምንቱን እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ ተሸክመው የሚመለሱ ተማሪዎች ልካቸው መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ስንቅም ነው። ለእነሱ ሁለት ይሻላል፣ ለስንቁ አንድ፣ ለደብተሩ አንድ፤ ዘይትና ወጥ ደብተር ላይ ሲፈስ ከዚያ ቅል ይብሳል። አቅም ካልፈቀደ ስንቁ በማዳበሪያ ከረጢት፣ ደብተሩ በፌስታል ይሄዳል፤ በብዙ ቤት የሚሆነውም ይኸው ነው፣ ልጆቹም ይማራሉ።

የሚገዛ ግን እንዲህ ያድርግ። ከትምህርት ቤቱ ፕሮግራም ብዙ መጽሐፍ ያለበትን ቀን ይምረጥና የዚያን ቀን ደብተርና መጽሐፍ በፌስታል ይዞ ሱቅ ይሂድ። ባለ ሱቁ ቅር ሊለው ይችላል፤ ምንም አይደል። መጽሐፎቹን ይክተትና ልጁ ላይ ያንግተው። ቦርሳው ከወገቡ በታች ከወረደ ረዝሟል፤ መጽሐፎቹ ከታች ከተደፉ ሰፍቷል። ከዚያ ማንገቻው ከገላው ጋር የተሰፋበትን ቦታ ገልብጦ ይይ፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያ ነው። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ካለ ይተወው፤ አራት ማዕዘን ሆኖ በመካከሉ በመስቀለኛ የተሰፋ ይሻላል፤ ወይም ከሱቁ ወጥቶ በቀጥታ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ ያስደርብበት። ከሥር የገባውን ካርቶን ይጫን፤ መስከረም ላይ የባሕር ዳር ዝናብ ገና አላለቀም፣ ካርቶን ደግሞ አንድ ጊዜ ከራሰ አይመለስም። ውኃ አያስገባም ብለው ቢምሉም ከውስጥ አንድ ወፍራም ላስቲክ ማድረግ ይሻላል። በሳይክል የሚሄድ ከሆነ ከኋላ ወንበሩ ላይ በላስቲክ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ከጀርባ ይሻላል። የዚፑ ራስ ላልቶ ጥርሶቹን መያዝ ሲያቅተው ጎንና ጎኑን በፒንሳ ትንሽ ጫን ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል፤ ይህንን ልጁ ራሱ ያድርገው።

ቀለሙን ለልጁ ተዉለት። 15 ዓመት የሞላው ሰው ጥቁር ካለ ጥቁር ነው።