«መጥፎው» ኮሌስትሮልና የቸኮለው ፍርዳችን

አንድ ሰው መታመሙን ስንሰማ «አላህ ያሽረው» ካልን በኋላ ከአፋችን የሚወጣው ቃል ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ «ምን በልቶ ነው? ምንስ አድርጎ ነው?» የሚል አይደለምን? ለመሆኑ የሰውን በሽታ አይተን በምግባሩ ላይ የመፍረድ መብት አለን?

በሰፈራችን የነበሩ አንድ አባት ተመርምረው «መጥፎው ኮሌስትሮል በዝቶብዎታል» ተባሉ። እኚህ አባት ሰውነታቸው ቀጭን፣ ሰኞንና ሐሙስን የሚፆሙ፣ ከማዕድም ሳይጠግቡ የሚነሱ ነበሩ። ወሬው ሲሰማ ግን «በስውር ጮማ ሲቆርጡ ኖረው ይሆናል» ያለ ሰው አልታጣም። እርሳቸውም አፍረው የምርመራውን ወረቀት በኮታቸው ኪስ ደበቁት፤ ለልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም። የዚህ ዝምታ ዋጋ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል በኋላ እንመለስበታለን። በቅድሚያ ግን ተከሳሹን ራሱን፣ ማለትም ኮሌስትሮልን፣ ቀርበን እንወቀው።

በወጥ ላይ ቅባት ሲንሳፈፍ ያላየ የለም። ቅባትና ውሃ አይዋሃዱም። የደማችን ፈሳሽ ክፍል ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ታዲያ የበላነው ቅቤና ዘይት በደም ውስጥ እንዴት ይጓዛል? የፈጣሪ ጥበብ እዚህ ላይ ይታያል። ቅባቱ ውጭያቸው ከውሃ ጋር በሚስማማ፣ ውስጣቸው ቅባት በሚይዝ እጅግ ደቃቅ ጥቅሎች ተቋጥሮ ይላካል። በጥቅሎቹ ገጽ ላይ ያሉት ፕሮቲኖች ጭነቱ ለማን እንደሚደርስ የሚያሳዩ አድራሻዎች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹን ጥቅሎች የሚቋጥረው አንጀት ነው። እነዚህ ጥቅሎች እንደ ስኳር በቀጥታ ወደ ጉበት አይሄዱም። ሊምፍ በሚባለው የፈሳሽ መስመር በደረት በኩል ወጥተው በአንገት ግርጌ ከደም ይቀላቀላሉ። ጡንቻው የሚያነደውን፣ የስብ ክፍሉም የሚያከማቸውን ከወሰደ በኋላ የተረፈውን ጉበት ይረከባል። ጉበትም በተራው የራሱን ጥቅሎች ሠርቶ ወደ ደም ይልካል። እነዚህ ስባቸውን በየመንገዱ ሲያራግፉ በመጨረሻ ኮሌስትሮል የበዛበት ጥቅል ይቀራል። ኤል ዲ ኤል የሚባለው ይህ ነው። ኤች ዲ ኤል የሚባለው ሌላው ጥቅል ደግሞ የተረፈ ኮሌስትሮልን ከየቦታው እየሰበሰበ ወደ ጉበት ይመልሳል፤ ጉበትም ከሐሞት ጋር ያስወግደዋል።

ልብ በሉ! ኮሌስትሮል ራሱ ጠላት አይደለም። የእያንዳንዱ ሕዋስ ግድግዳ ያለ እርሱ አይቆምም። ሐሞት፣ ቫይታሚን ዲ እና ብዙ ሆርሞኖች የሚሠሩት ከእርሱ ነው። አብዛኛውንም ከውጭ አናስገባውም፤ ሰውነታችን ራሱ ያመርተዋል።

ታዲያ «መጥፎ» እና «ጥሩ» የሚለው ስም ከየት መጣ? በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተመራማሪዎች ደምን እጅግ ፈጥኖ በሚሽከረከር መሣሪያ አሽከርክረው እነዚህን ጥቅሎች ለዩ። ጥግግታቸው ያነሰውና የበዛው ተለያየ፤ ኤል ዲ ኤልና ኤች ዲ ኤል የሚሉት ስሞችም ይህንኑ ብቻ የሚገልጹ ናቸው። ስሙ የሚዛን ስም እንጂ የምግባር ስም አልነበረም። «መጥፎ» እና «ጥሩ» የሚለውን ኋላ የለጠፍነው እኛው ነን።

ይህን ስንል ኤል ዲ ኤል ሲበዛ አይጎዳም ማለታችን አይደለም። ይጎዳል! በደም ውስጥ በዝቶ ለዓመታት ሲቆይ ወደ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ግድግዳ እየገባ ይከማቻል፤ ቧንቧውን ያጠባል፤ በመጨረሻም የልብ ድካምንና የአንጎል ምትን ያስከትላል። ሆኖም ጉዳቱ ከመጠን ማለፉ ነው። «ጥሩ» የተባለውስ ቢሆን? ኤች ዲ ኤልን በእጅጉ ከፍ የሚያደርግ ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በበሽተኞች ላይ ሲሞከር፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ወገን የሞቱት በልጠው ስለተገኙ ሙከራው ተቋርጧል። ስም ብቻውን ሲመራን እንዲህ እንሳሳታለን።

አሁን ወደዚያ አባት እንመለስ። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ገና በልጅነታቸው በልብ ሕመም የሚጠቁ ሕፃናትን ነገር ሲመረምሩ፣ ኤል ዲ ኤልን ከደም የሚቀበለው የሕዋስ በር በእነዚህ ልጆች ላይ እንደሚጎድል ወይም እንደማይሠራ ደረሱበት። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከአንዱ ወላጅ ብቻ የሚወረሰው ቀለል ያለው ዓይነት ከ250 ሰዎች በግምት በአንዱ ላይ ይገኛል። ባለቤቱ ቀጭንም፣ ጿሚም፣ ምግብ መራጭም ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ልጁ የሚያወርስበት ዕድልም ግማሽ በግማሽ ነው።

የዝምታው ዋጋ ገባችሁ? የእኚያ አባት ሕመም ከዚህ ዓይነት ቢሆንስ? ኪሳቸው ውስጥ የተደበቀው ወረቀት የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የልጆቻቸውም ማስጠንቀቂያ ነበር። በጊዜ የታወቀ እንደሆነ ጉበት ተጨማሪ በሮችን እንዲከፍት የሚያደርጉ መድኃኒቶች አሉ። የሰፈሩ ሐሜት ግን አባትን አሳፍሮ ልጆችን ከምርመራ አስቀረ። ምላሳችን ቀላል መስሎን የወረወርነው ቃል የት እንደሚያርፍ አናውቅም።

ምናልባት «እንግዲያስ ሁሉም በውርስ ከሆነ ስለምንበላው ምን አስጨነቀን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አይደለም! ቅቤና የስጋ ጮማ ሲበዛ የጉበት በሮች ይቀንሳሉ፤ ኤል ዲ ኤልም በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ቀኑን ሙሉ ፆመን ማፍጠሪያውን በዘይት በተነከረ ሳምቡሳ ብቻ ከሞላነው፣ እንግዳንም «አፈር ስሆን» እያልን ከአቅሙ በላይ ካጎረስነው ተጠያቂዎች ነን። ሰውነታችን አማና ነውና። ሲጋራ ማጨስና ሳይንቀሳቀሱ መዋልም እንዲሁ ነው።

ነገር ግን ጥያቄው ለማን እንደቀረበ እንለይ። ስለ ራሴ ማዕድ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ስለ ጎረቤቴ ደም ግን የማውቀው ነገር የለም። በራሳችን ገበታ ላይ ጥብቅ፣ በሌላው ሕመም ላይ ግን ርኅሩኅ መሆን ይገባናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጠን እንይዘዋለን።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን! የምርመራ ውጤታችሁን ከቤተሰባችሁ አትደብቁ። በቤታችሁ በወጣትነቱ በልብ ሕመም የተጠቃ ካለ ልጆቻችሁን አስመርምሩ። በሽተኛ ስትጠይቁም «ምን በልተህ ነው?» ማለቱን ትታችሁ «ምን ላግዝህ?» በሉት።

አላህ ለሕመምተኞቻችን ሽረትን፣ ለማዕዳችን ልክን፣ ለምላሳችንም ልጓምን ይስጠን። አሚን።