ያልተመዘገበ ሳል

አዲስ አበባ፣ መሳለሚያ ላይ ሳል እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ከእህል በረንዳ የሚነሳው የጤፍ አቧራ አለ፤ የበርበሬው ብናኝ አለ፤ ጭነው የሚገቡ ጭነው የሚወጡ መኪኖች ጭስ አለ። እዚያ የዋለ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ይውላል፤ ዞር ብሎ የሚያየውም የለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ ጃፓናዊ ኮሮና ተገኘበት ሲባል ግን ሳል ነውር ሆነ። የሳለ ሁሉ ሳይጠየቅ «የበርበሬው ነው» ማለት ጀመረ። ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነበር። እውነቱን ያልሆነበትን ቀን ግን ማን ያውቃል? የሚያሳስበኝ ያ ሆስፒታል ያልደረሰ፣ ያልተመረመረ፣ በየትኛውም የዕለት መግለጫ ያልተቆጠረ ሳል ነው።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ መጫን ያዘ። «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» የሚለው ምክር ከየድምፅ ማጉያው ይሰማ ነበር። ምክሩ ትክክል ነው፤ ግን ኩንታል በሁለት እርምጃ ርቀት አይነሳም። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ጆንያውን ጨብጠው ከመሬት ያነሱታል፤ ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል። ለዚያች አፍታ የሦስቱም ትንፋሽ አንድ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ደጋግመው ይሠራሉ። ማስኩ አገጭ ላይ ወርዷል፤ መቶ ኪሎ ተሸክሞ በጨርቅ ውስጥ መተንፈስ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይፈርድባቸውም። ቤት ተቀመጡ ቢባሉም ሳይሠራ የዋለ ተሸካሚ ሳይበላ ያድራል። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ስም በሽታው ከበረታባቸው አካባቢዎች ጋር መጠራቱ ሊገርመን አይገባም ነበር።

ከተያዙት ውስጥ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ወጣትን ደግሞ በሽታው ብዙ ጊዜ ቀለል አድርጎ ነው የሚነካው። ሁለት ሌሊት ትኩሳትና ቁርጥማት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ዳማከሴ ያገኘ ዳማከሴ። ከዚያ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ሥራው። «ምን ነበር?» ቢባል «ብርድ መትቶኝ ነው» ይላል። በርበሬ ተራ መካከል ቆሞ ምንም ሳይሸተው የዋለም ይኖራል። አፍንጫ ለተዘጋ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ በርበሬ የማያስነጥሰው ሰው ግን በዚያ ሰፈር ራሱ ዜና ነው።

እንዲህ ያለው ሕመም ካለፈ በኋላ በሰውነት ውስጥ የቀረው ምንድን ነው? ዓለም በዚያን ሰሞን አጥብቆ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ሰውነት ቫይረሱን ሲያውቅ ፀረ እንግዳ አካላትን ይሠራል፤ እነዚህ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ቫይረሱ ላይ ተጣብቀው ወደ ሕዋስ እንዳይገባ ያግዱታል። በሚያዝያ 2012 አንዳንድ መንግሥታት ፀረ እንግዳ አካል ለተገኘበት ሰው የይለፍ ወረቀት እንስጥ ሲሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ገና ማስረጃ የለም፣ ተጠንቀቁ አለ። በሐምሌ ደግሞ ከሎስ አንጀለስ የወጣ ጥናት ቀለል ባለ ሁኔታ ታመው የዳኑ 34 ሰዎችን ተከታትሎ ፀረ እንግዳ አካላቱ በፍጥነት እየቀነሱ መሆኑን ጻፈ። ዜናው አስደነገጠ። ቀላል ሕመም ቀላል ትዝታ ብቻ ትቶ ይሄዳል የሚል ፍርሃት ነገሠ።

ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 2013፣ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ አሊ ኤለቤዲ የሚመሩት የተመራማሪዎች ቡድን ሌላ ነገር አሳየ። የተከታተሏቸው 77 ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በቀላሉ የታመሙ። ፀረ እንግዳ አካላቱ በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በእርግጥ ወረዱ። ከዚያ በኋላ ግን አወራረዳቸው ዝግ አለ፤ ከአሥራ አንድ ወር በኋላም በደም ውስጥ ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ከ18ቱ ሰዎች መቅኒ ቀድተው ሲያዩ፣ በአብዛኞቹ አጥንት ውስጥ ይህንኑ ፀረ እንግዳ አካል ዝም ብለው የሚሠሩ ሕዋሳት ተቀምጠው ነበር። የእህል በረንዳ ነጋዴ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ደጅ ላይ የተደረደረው ጆንያ አነሰ ማለት መጋዘኑ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ያ ተሸካሚ ታሞ እንደነበር አያውቅም። መቅኒው ያውቃል። እኔ ስለራሴ የማላውቀውን አጥንቴ ሊያውቅ መቻሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ትዝታ የአእምሮ ብቻ ይመስለን ነበር።

የአገራችንም ደም ተመርምሯል። ከመሳለሚያ ብዙም በማይርቀው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል፣ ከፊት ሆነው በሚሠሩ ባልደረቦች ላይ በተደረገ ጥናት ፀረ እንግዳ አካል የተገኘባቸው በነሐሴ 2012 ከመቶ 10.9 ነበሩ። በስድስት ወር ውስጥ 53.7 ደረሱ። በጅማ ዙሪያ ባሉ የገጠር ነዋሪዎች ዘንድ እንኳ ከ18 ወደ 31 ከመቶ አደገ። በዚያ ጊዜ በመላ አገሪቱ በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሰው ገና 200 ሺህ አልሞላም። ማስክና ጓንት ካለው የሆስፒታል ሠራተኛ ግማሹ ከተነካ፣ ኩንታል ተጋግዞ የሚያነሳው ሰው ከዚያ ያነሰ ተነክቷል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ክትባቱ መጋቢት 4 ቀን 2013 በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገለጸ ልክ ዓመት ሆኖት ነበር። ከተማዋ ግን እስከዚያ በራሷ መንገድ፣ በመታመም፣ ብዙ ርቀት ሄዳ ነበር።

ይህን ሰምቶ «ድሮስ እኛን ምን ይነካናል» ማለት ይቀናል። ብዙ ሰው ብሎታልም። እኔ ግን አልወደውም። የዚያ ወጣት ቀላል ሕመም ማታ ቤት ገብቷል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ እናትም፣ አያትም፣ የስኳር ሕመምተኛ አጎትም ያድሩበታል። እሱ በሁለት ቀን የተወጣው ነገር ለእነሱ ሁለት ቀን ላይሆን ይችላል። በይፋ የተመዘገበው የኢትዮጵያ ሟች ከ7,500 ጥቂት ይበልጣል፤ ሳይመረመር የተቀበረ ደግሞ እዚህ ቁጥር ውስጥ የለም። በከተማው ደም ውስጥ የተገኘው መከላከያ ዋጋ ተከፍሎበታል፤ የከፈሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱን ያገኙት አይደሉም።

የሰውነት ትዝታም ቢሆን እኩል አይደለም። ኩፍኝን አንዴ የታመመ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። ተራ ጉንፋን የሚያመጡት የኮሮና ዘመዶች ግን በዓመቱ ተመልሰው ይይዛሉ። ይሄኛው በመካከል ያለ ይመስላል። በታኅሣሥ 2014 ኦሚክሮን አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቅ ቀድሞ የታመመውም፣ የተከተበውም እንደገና አነጠሰ። ቫይረሱ መልኩን ለውጦ ስለመጣ የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል በደጅ አላገደውም፤ ያም ሆኖ የብዙዎቹ ሕመም ሳንባ ሳይደርስ ቀርቷል።

የመሳለሚያ ጎረቤት መርካቶ ከዚህ የሚረዝም ትዝታም አላት። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ ጭሱ የሚያስታውሰው የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ፣ ያን ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ ነው። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው የዳኑት ያኔ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከዚያ ዘመን የተረፉ፣ ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 የሆነ 32 አዛውንቶችን መርምሮ፣ ከ90 ዓመት በኋላ የበሽታውን ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው አግኝቷል። እኛ ጭሱን ይዘናል፤ ደሙን ግን አልጠየቅንም። ከኅዳር በሽታ የተረፉት አያቶቻችን ምን ተሸክመው እንደኖሩ ሳንጠይቃቸው ሄዱ።

ስለዚህ ለጤና ባለሥልጣኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ቀጣዩ ወረርሽኝ መምጣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ደም ለመቅዳት ስትነሱ ሆስፒታል አትጠብቁ፤ ማለዳ መኪኖቹ ሲራገፉ መሳለሚያ ውረዱና ከተሸካሚዎቹ ጀምሩ። ውጤቱንም በመጽሔት ከማውጣታችሁ በፊት ደሙን ለሰጠው ሰው ንገሩት፤ ማታ የሚገባው አያቱ ወዳለችበት ቤት ነው።