በዐይነ ሕሊና የሚታይ ጨለማ፦ ተስፋ ነው ወይስ ተስፋ መቁረጥ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከዕለታት በአንዱ እሑድ፣ ከመርሐ ግብሩ በኋላ በቅጽሩ ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጫወት አንድ ክርክር ተነሣ። የክርክሩ ምክንያት ፊልም ነበር። ዛሬ ከመካከላችን ብዙዎቻችን በስልክም በቴሌቪዥንም ዘንዶ የሚበርበት፣ ሙታን ተነሥተው የሚሄዱበት፣ ዓለም ጠፍታ ጥቂት ሰዎች የቀሩበት ፊልም እናያለን። አንዱ ወንድማችን «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው፤ ጨርሶ መታየት የለበትም» አለ። ሌላው «ተረት አይደለም እንዴ? አያቶቻችን በምድጃ ዳር ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ ሲያወሩልን አልነበረምን? ምን ጎዳን?» ሲል መለሰለት። ሁለቱ ሲከራከሩ ዝም ብሎ የቆየ ሦስተኛ ወንድም ግን እንዲህ አለ፦ «እኛ የዋግ ልጆች ጨለማውን በዐይናችን አይተነዋል። ሰው ፈጥሮ የሠራውን ጨለማ ደግሞ ለምን ቁጭ ብለን እናያለን? እኔ እንዲህ ያለውን ፊልም አይቼ ባደርኩ ማግስት ከመኝታዬ መነሣት ያስጠላኛል።»

ለዚህ ንግግር ማንም መልስ አልሰጠም። እኔም ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። ይህች ጽሑፍ ለዚያ ወንድም የዘገየች መልስ ናት።

አስቀድመን «ዐይነ ሕሊና» ወይም ምናብ የምንለው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ምናብ በፊታችን የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ የማየት ችሎታ ነው። ይህም ለደራሲና ለፊልም ሠሪ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በሰቆጣ ዙሪያ ያለውን ድንጋያማ ተዳፋት የሚያርስ ገበሬ፣ ዝናቡ ገና ሳይጥል በደረቅ መሬት ላይ እህሉን ሲበትን የሚያየው አፈሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ አይዘራም ነበር። በእጁ ያለውን እህል ልጆቹ ቢበሉት ዛሬ ይጠግባሉ፤ እርሱ ግን በዐይነ ሕሊናው ገና ያልበቀለውን ማሽላ አይቶ ለመሬት ይሰጠዋል። እንግዲህ ዘር መዝራት ራሱ የምናብ ሥራ ነው። ያው ገበሬ ደግሞ በዐይነ ሕሊናው ድርቅን ብቻ ቢያይ እጁ ይታሰራል። ስለዚህ ምናብ በራሱ ተስፋም ተስፋ መቁረጥም አይደለም። እንደ እርሻ መሬት ነው፤ የሚያበቅለው የተዘራበትን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንስ ጨለማን በሥዕልና በቃል ማሳየትን ትከለክላለችን? አትከለክልም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ እናያለን። ዘንዶው አስፈሪ ነው፤ ሠዓሊው ሊያሳንሰው አልፈለገም። መጽሐፈ ሄኖክና የዮሐንስ ራእይ በሚያስፈሩ ራእዮች የተሞሉ ናቸው፤ ዮሐንስም ራእዩን ያየው በፍጥሞ ደሴት በስደት ሳለ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ37ኛው ምዕራፍ ወደ አጥንት ሸለቆ በተወሰደ ጊዜ እግዚአብሔር ወዲያው የሞቱት ሲነሡ አላሳየውም። አስቀድሞ በአጥንቶቹ ዙሪያ አዞረው፤ ብዛታቸውንና ድርቀታቸውን እንዲያይ አደረገው። ከዚያ በኋላ ነው በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ የጠየቀው። ጨለማውን ያላየ ሰው የሚናገረው ተስፋ ቀላል ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል።

ነገር ግን በሥዕሎቻችን አንድ ልማድ አለ፤ ልብ እንበለው። የቀደሙት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳንን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን ይሥላሉ፤ ክፉዎችን ግን በአብዛኛው በጎን፣ አንድ ዐይን ብቻ እንዲታይ አድርገው ይሥላሉ። እኔ ይህን ስመለከት የክፋት አንዱ ጠባይ በአንድ ዐይን ማየት ነው እላለሁ። ተስፋ መቁረጥም እንደዚሁ ነው። የሚያየው ነገር ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ግማሽ ነው።

አሁን ወደ ፊልሞቹ እንመለስ። ሚካኤል ኤንደ የሚባል በ1929 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በናዚ ዘመንና በጦርነት ውስጥ ያደገ ጀርመናዊ ደራሲ፣ በ1979 እ.ኤ.አ. «የማያልቀው ታሪክ» የተባለ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በቮልፍጋንግ ፔተርሰን አዘጋጅነት በ1984 እ.ኤ.አ. በፊልም ቀረበ። በታሪኩ እናቱ የሞተችበት አንድ ልጅ በትምህርት ቤት ጣሪያ ሥር ተደብቆ መጽሐፍ ያነባል። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችውን የምናብ አገር «ምንም» የተባለ ነገር እየዋጣት ነው። «ምንም» አውሬ አይደለም፤ መልክም የለውም፤ የሰዎች ተስፋና ሕልም በጠፋ ቁጥር የሚሰፋ ባዶነት ነው። አገሪቱን ለማዳን የተላከው ወጣት በኀዘን ረግረግ ውስጥ ሲያልፍ የሚወደው ፈረሱ ሰጠመ። ፈረሱን ያሰጠመው ጭቃው ብቻ አልነበረም፤ ኀዘኑ ልቡን ስለ ያዘው መራመዱን አቆመ። በፍጻሜው ከአገሪቱ የቀረችው አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብቻ ናት። ከዚያች ቅንጣት ግን ልጁ ሁሉን እንደገና ይጀምራል። የሰናፍጭን ቅንጣት ምሳሌ የተማርን እኛ ይህን ለመረዳት አንቸገርም።

ይህ ፊልም የወጣበትን ዓመት ስናስብ ግን ልባችን ይከብዳል። በዚያው በ1984 እ.ኤ.አ. የአገራችን ሰው በረኀብ ያልቅ ነበር፤ ከዋግና ከላስታ ብዙ ሕዝብ ቀዬውን ትቶ እርዳታ ፍለጋ ወደ ቆረም ተጉዟል። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ከቆረም ያነሡት ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። እንግዲህ አንድ ሰው «ልጇን ታቅፋ ወደ ቆረም ለምትሄድ እናት የጀርመን ተረት ምን ይጠቅማታል?» ቢል መልሱ «ምንም አይጠቅማትም» ነው። ምናብ እንጀራ አይደለም። የተራበውን በቃል ልናጠግበው ብንሞክር ኀጢአት ይሆንብናል።

ይሁን እንጂ ያ የቆረም ፊልም ራሱ ምን እንዳደረገ እንይ። ፈጠራ አልነበረም፤ እውነተኛ ጨለማ ነበር። አንዳንዱ አይቶ ራሱን በዚያች እናት ቦታ አስቀመጠ፤ ያለውንም ሰጠ። ቦብ ጌልዶፍ የሚባለው ዘፋኝ ይህን ካየ በኋላ ነው ሙዚቀኞችን አሰባስቦ እርዳታ ያሰባሰበው። በሌላ በኩል ደግሞ ያ ሥዕል በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ተተክሎ ቀርቶ፣ ኢትዮጵያ ሲባል ከረኀብ በቀር ሌላ ነገር እንዳይታየው አደረገ። ይህ በአንድ ዐይን ማየት ነው። በዚህ ዐይን የሚያይ ሰው ከዐለት የተፈለፈለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን አያይም፤ ማሩን፣ ኽምጣኛውን፣ ሠርጉንና ጥምቀቱን አያይም። አንዱ ፊልም ለአንዱ የፍቅር ምክንያት ሲሆን ለሌላው ተስፋ የመቁረጥ ምክንያት ሆነ። ልዩነቱ ከተመልካቹም ዘንድ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ ልጨምር። ጊየርሞ ዴል ቶሮ የተባለ የሜክሲኮ ሰው በ2006 እ.ኤ.አ. «የፓን ቤተ ውቅር» ልንለው የምንችለውን ፊልም አወጣ። ታሪኩ በ1944 እ.ኤ.አ. በስፔን፣ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ይፈጸማል። ኦፌሊያ የተባለች ልጅ ጨካኝ መኮንን በሆነው እንጀራ አባቷ ቤት ስትኖር አንድ ቀንዳም ፍጡር ሦስት ፈተና ይሰጣታል። በመጨረሻው ፈተና የሕፃን ወንድሟን ደም ጠብታ እንድትሰጥ ትጠየቃለች። እምቢ አለች፤ በእንጀራ አባቷም ጥይት ወደቀች። ፊልሙ በሞት ያልቃል፤ ያም ሆኖ ተስፋ የሌለው ፊልም አይደለም። በዚያ የጭካኔ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ንጹሕ ደም አላፈስም ማለት ትችላለችና። በአንጻሩ ጀግናው መቶ ሰው ገድሎ እየሳቀ የሚያልቅ ፊልም አለ፤ ፍጻሜው ደስታ ይመስላል፤ የሚያስተምረው ግን ኃይለኛ ያሸንፋል የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ፊልሙን በፍጻሜው መሳቅና ማልቀስ ብቻ አንመዝነው።

ሦስተኛው በአገራችን የተቀረጸ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ሚጌል ያንሶ የተባለ ስፔናዊ፣ ዳንኤል ታደሰን ዋና ተዋናይ አድርጎ «ክራምስ» ማለትም «ፍርፋሪ» የሚል ፊልም ሠራ። ዓለም ከጠፋች በኋላ የድሮው ዘመን የፕላስቲክ መጫወቻ እንደ ውድ ቅርስ ይቆጠራል፤ በሰማይ የቆመ መርከብ አለ፤ ጀግናውም ከዚህች ምድር ወደ ሌላ የሚሄድበትን መንገድ ፍለጋ ይጓዛል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነውን? ከመካከላችን ተስፋን በመሄድ ብቻ የሚያይ፣ ቀዬውን በዐይነ ሕሊናው አስቀድሞ ባዶ ያደረገ ወጣት የለምን? መሄድ ራሱ ኀጢአት አይደለም፤ አብርሃምም ሄዷል። ነገር ግን ምናባችን መውጫውን ብቻ እያሳየን የጎረቤታችንን ፊት ከሸፈነብን ያም አንድ ዐይን ነው።

ይህን ሁሉ የሚያጠቃልልልኝ የጴጥሮስና የይሁዳ ነገር ነው። ሁለቱም በአንዲት ሌሊት ወደቁ። ሁለቱም በኋላ ተጸጸቱ። ይሁዳ ግን በደሉን እንጂ ከበደሉ ማዶ ያለውን ምሕረት በዐይነ ሕሊናው ማየት አልቻለም፤ ያየው እውነት ነበር፤ ግማሽ እውነት ነበር። ጴጥሮስ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ነገር ግን ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ፤ በማለዳም ወደ መቃብሩ ሮጠ። ከሚሮጥ ሰው ልብ ውስጥ ተስፋ አልሞተም።

እንግዲህ ፊልም ስናይ ራሳችንን ሦስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ በዚህ ታሪክ ክፋት ወሰን አለውን ወይስ ሁሉን የዋጠ ሆኖ ቀርቧል? ሁለተኛ፣ በጎ የሠራ ሰው በጎነቱ፣ ቢሞትም እንኳ፣ ዋጋ አለውን? ሦስተኛ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ሰው ልሂድ ያሰኘኛልን ወይስ በሬን ዘግቼ እንድቀር ያደርገኛል?

ለዚያ ዝምተኛ ወንድሜ ደግሞ ይህን እላለሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በድርቁ የዋግ ሰው ምን እንደ ደረሰበት አንተም እኔም እናውቃለን። ማግስቱን የሚያስጠላህ ፊልም ካለ ዝጋው፤ ይህ ፍርሃት አይደለም። የቆሰለ ሰው በቁስሉ ላይ ሸክም አይጭንም። ነገር ግን ፊልሙን ዘግተህ ብቻህን አትቀመጥ። ክፉው ሌሊት ከተመለሰብህ ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ለእኛም ንገረን። ያ ፈረስ በረግረጉ የሰጠመው ከጎኑ የሚጠራው ወዳጅ አጥቶ አልነበረም፤ የወዳጁ ድምፅ ወደ ልቡ አልገባ ብሎት ነበር። የእኛ ድምፅ ግን ወደ አንተ እስኪገባ ድረስ መጥራታችንን አናቆምም።

በሚቀጥለው እሑድ ከዛፉ ሥር እንጠብቅሃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።