ጉልበቷ ለሚከዳት ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ እናትሽ ስለ እግርሽ ነገረችኝ። ደረጃ ስትወርጂ ጉልበትሽ እንደሚከዳሽ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ እንኳ እግርሽ ወለም እንደሚልሽ፣ ጀሪካን ስታነሺ ትከሻሽ ከቦታው እንደሚሸሽ ሰማሁ። ሐኪሙ «መገጣጠሚያሽ ከመጠን በላይ ላልቷል» ማለቱንም ነገረችኝ። ይህ ነገር በቤታችን እንግዳ አይደለም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው አለሁ፤ አያትሽም ስሙን ሳታውቀው ኖራበት አልፋለች። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ከልብሽ ስሚኝ።

አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ጥንካሬውን የሚያገኘው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የእኛ ጅማት ከሌላው ሰው ይልቅ ይለጠጣል፤ መገጣጠሚያውን ልክ ቦታው ላይ አጥብቆ አይዝም። ጅማቱ ያልያዘውን ጡንቻ ልያዝ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ የራሱንም የጅማቱንም ሥራ ሲሠራ ይውላል። ሌላ ሰው ቆሞ ሲያወራ ያርፋል፣ ለአንቺ ግን መቆሙ ራሱ ሥራ ነው። ከዚህ ሌላ መገጣጠሚያው «እዚህ ነኝ» ብሎ ለአእምሮ የሚልከው መልእክት ይደክማል፤ እግርሽ የት እንዳረፈ ሳታውቂው የሚታጠፈው ለዚህ ነው። ጉልበት ሲያም ደግሞ የጭን ጡንቻ ራሱን ይቆጥባል። ሕመሙን የፈራ ሰው ይቀመጣል፣ የተቀመጠ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ የሟሸሸ ጡንቻ መገጣጠሚያውን ይበልጥ ይለቀዋል። የእግርሽ መድከም አብዛኛው ከዚህ አዙሪት የመጣ ነው። ስንፍና አይደለም። ይህን ደግመሽ ደጋግመሽ ለራስሽ ንገሪው፤ የኛ ሰው መልኩ ያማረና ቁመናው የተስተካከለ ሰው ታመመ ሲሉት አያምንም። «ምን ሆነሽ ነው? ደህና አይደለሽ እንዴ?» ይልሻል። የማይታይ ሕመም ትልቁ ሸክሙ ይህ ነው፤ እኔን ከሕመሙ ይበልጥ ያደከመኝ እሱ ነበር።

ስሙን እወቂው። መገጣጠሚያን ከሚያላሉ ሕመሞች በጣም የታወቀው ኤለርስ ዳንሎስ ይባላል። ዴንማርካዊው ኤድቫርድ ኤለርስ እ.ኤ.አ. በ1901፣ ፈረንሳዊው ኦንሪ አሌክሳንድር ዳንሎስ ደግሞ በ1908 የገለጹት ነው፤ ሁለቱም የቆዳ ሐኪሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ዓለም አቀፍ አመዳደብ 13 ዓይነት አለው። አብዛኛው ሰው የሚገኝበት መገጣጠሚያን የሚያላላው ዓይነት ነው፤ የዚህ ዘረ መል እስካሁን አልተለየም፣ የሚታወቀውም በደም ምርመራ ሳይሆን ሐኪም አይቶና ጠይቆ ነው። የሚለኩሽ ከ9 ነጥብ ነው፦ ትንሿ ጣት ወደ ኋላ ከ90 ዲግሪ በላይ ብትታጠፍ፣ አውራ ጣት ክንድን ብትነካ፣ ክርንና ጉልበት ወደ ኋላ ከ10 ዲግሪ በላይ ቢሄዱ፣ ለየጎኑ አንዳንድ ነጥብ፤ ጉልበትሽን ሳታጥፊ መዳፍሽን መሬት ላይ ብታሳርፊ አንድ። እስከ 50 ዓመት ላለ አዋቂ 5 እና ከዚያ በላይ እንደ ላላ ይቆጠራል። ነገር ግን መተጣጠፍ ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ሳያማቸው እንደ ቄጤማ የሚተጣጠፉ ብዙ ሰዎች አሉ። ሕመም የሚሆነው ውልቃቱ፣ ሥቃዩና ድካሙ ሲከተል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጡንቻሽን አጠንክሪ፣ ግን በዝግታ። እንደማንኛውም የተጎዳ ሰው «ተለጠጪ፣ ተሳሳቢ» ይሉሻል፤ አንቺ የጎደለሽ መለጠጥ አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንድ እግርሽን ቀስ ብለሽ ዘርጊ፣ የጭንሽን ጡንቻ አጥብቀሽ ጥቂት ቁጠሪ፣ ቀስ ብለሽ መልሺ። ከወንበር በእጅሽ ሳትደገፊ ተነሺ፣ ስትቀመጪም አትውደቂ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን አጥፈሽ ወገብሽን አንሺ። ግድግዳውን በአንድ እጅ ይዘሽ በአንድ እግር መቆም ተለማመጂ፤ ያ የደከመውን መልእክት ያነቃዋል። በሁሉም ላይ አንድ ነገር ጠብቂ፦ ስትቆሚ ጉልበትሽን ወደ ኋላ ገፍተሽ አትቆልፊው፣ ትንሽ ለቀቅ አድርጊው። ይህ አንድ ልማድ ብቻ ጉልበቴን ከብዙ ነገር አድኖልኛል። በማግስቱ ሕመሙ ከወትሮው ከባሰ አላቆምም ብለሽ አትታገዪ፣ ጨርሰሽም አትተዪ፤ ግማሹን ቀንሰሽ ቀጥዪ። ውጤቱ የሚታየው በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው። የሚቻልሽ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ያሳይሽ፤ ስትሄጂ ግን መገጣጠሚያሽ የላላ መሆኑን ቀድመሽ ተናገሪ፣ አለዚያ መገጣጠሚያው ለደረቀ ሰው የሚሰጠውን መሳብ ይሰጡሻል።

ደህና በሆንሽበት ቀን የሳምንቱን ልብስ ሁሉ አጥበሽ፣ ቤቱን ወልውለሽ፣ እንጀራ ጋግረሽ፣ ለሦስት ቀን አልጋ ላይ አትውደቂ። ሥራውን ከፋፍዪው። ሽንኩርት ተቀምጠሽ ክተፊ። ቡና ስታፈዪ አጭሯን በርጩማ ተዪና ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ጉልበት ታጥፎ የሚቆይበትና ከዚያ የሚነሣበት ነገር ሁሉ ይጎዳሻል። ነጠላ ጫማ ለቤት ውስጥም አይሁንሽ፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ክር ያለው ጫማ አድርጊ፣ በኮብልስቶን መንገድ ላይማ ግዴታሽ ነው። ደረጃ ስትወጪ ደህናውን እግር አስቀድሚ፣ ስትወርጂ ደካማውን።

ዱላ መያዝ አሳፈረኝ ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው የሚያድሩ ካህናት መቋሚያ ተደግፈው አይደለም እንዴ የሚያገለግሉት? ወጣቱም ዲያቆን ይይዛል፣ ማንም ደካማ አይለውም። ዱላሽን ከደካማው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ያዢ፤ ቁመቱም ክንድሽ ተንጠልጥሎ ሳለ አንጓሽ ጋ የሚደርስ ይሁን። ስግደቱንም ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ትራራለች።

ወጌሻ ጋ አትሂጂ። እጃቸው የተባረከ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የላላን መገጣጠሚያ ማሸትና መጎተት ይበልጥ ያላላዋል። ጠብቆ በቀርከሃ የታሰረ እግር ደም ተቋርጦበት እስከ መቆረጥ እንደሚደርስም የአገራችን ሐኪሞች በየጊዜው የሚያዩት ነው።

ከሁሉ በላይ እንድትይዢልኝ የምፈልገው ስለ መድኃኒት ነው። ሆድ ሲያም፣ ሽንት ሲያቃጥል፣ ሰው ከፋርማሲ ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝቶ ይውጣል፤ «ሲፕሮ» የምንለው ማለት ነው። ይህ መድኃኒትና ዘመዶቹ ጅማትን ሊበጥሱ እንደሚችሉ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 አስጠንቅቋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ደግሞ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ሥር ሊያስፋፋና ሊቀድድ እንደሚችል ገልጾ፣ ኤለርስ ዳንሎስ ያለባቸውን ሰዎች በስም ጠርቶ ሌላ አማራጭ ካለ እንዳይሰጣቸው መክሯል። ስለዚህ ሳታማክሪ አትዋጪ፤ ሐኪም ቢያዝልሽም ያለብሽን ነግረሽ ሌላ ጠይቂ። ጥርስ ሲነቀልም ማደንዘዣው ቶሎ ሊለቅሽ ይችላልና አስቀድመሽ ተናገሪ። ስታረግዢም እንዲሁ፤ ያን ጊዜ መገጣጠሚያ ይበልጥ ይላላል።

ከመቀመጫሽ ስትነሺ ዓይንሽ ከጨለመ ውኃ ጠጪ፣ ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ለሐኪምም ንገሪ። ግን ድካም ሁሉ ከዚህ ነው አትበዪ። እግርሽ በድንገት ከሰነፈ፣ መቀመጫሽ አካባቢ ከደነዘዘሽ፣ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ ያ የጀርባ አጥንት ነርቭ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። በዘመዶቻችን ውስጥ በወጣትነቱ የደም ሥሩ ወይም አንጀቱ ፈንድቶ የሞተ ሰው እንዳለ እናትሽን ጠይቂያት፤ ካለ ለሐኪሙ ሳትነግሪ አትመለሺ፣ ያ የተለየና አደገኛ ዓይነት ሊሆን ይችላልና።

ትንሿ ልጅሽን ደግሞ እያት። ይህ ሕመም በአብዛኛው ከወላጅ አንዱ ዘንድ ካለ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። «ጣትሽን ወደ ኋላ አጥፈሽ ለእንግዳ አሳዪ» አትበያት፣ ሌላም ሰው እንዲላት አትፍቀጂ። «እግሬን ደከመኝ፣ እዘዪኝ» ስትልሽ እመኛት።