የወፏ ሕግና የጉማራ ዓሣ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እና 7 ላይ ብዙ ጊዜ ሳናስተውል የምናልፈው ትንሽ ሕግ አለ። በመንገዱ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከእንቁላሏ ወይም ከጫጩቶቿ ጋር አብሮ እንዳይወስዳት ያዝዛል። ልብ በሉ፤ ጫጩቶቹን መውሰድ ተፈቅዷል። እናቲቱ ግን ትለቀቃለች፤ እርስዋ ካለች ሌላ ጎጆ ይኖራልና።

እንግዲህ ይህን ሕግ ይዘን ከወረታ ወደ ጉማራ እንውረድ። በጣና ነጭ ዓሣ እያልን የምንጠራው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ሊቃውንት መርምረው 15 ያህል ልዩ ልዩ ወገኖች አግኝተውበታል፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው በጉማራ፣ በርብና በሌሎቹ ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚፈስስበት ጠጠር ላይ ነው፤ ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ትንፋሽ ያጣል። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ ከሐይቁ በሚገናኝበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡም የሚዘረጋው እዚያው ነው። አልፈው የዘለቁትን ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ውስጥ በመበተን አስክረው የሚለቅሙ አሉ። ብርብራ እናትና ልጅ አይለይም።

ደን ቢሆን ኖሮ ተራራው ተራቁቶ ይመሰክር ነበር፤ ውኃ ግን ገመናን ይሸፍናል። ይህም በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኖርዌይ ባሕር፣ የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀትና ብርድ ውስጥ፣ ኮራል የሚባል ፍጡር አለ። በዓመት ከጣት ውፍረት የማይበልጥ እያደገ፣ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ለዓሦች መጠለያ የሚሆን ግንብ ይሠራል። የባሕሩን ወለል የሚጠርግ ከባድ መረብ የሚጎትት መርከብ ሲያልፍበት በአንድ ቀን ይፈርሳል። ብዙ ከፈረሰ በኋላ መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1999 ሱላ በተባለው ስፍራ በዚህ መረብ ማጥመድን ከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ሮስት በተባለ ስፍራ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ሌላ የኮራል ግንብ ተገኘ። ያን ሁሉ ዘመን ከፈጣሪው በቀር ያየው አልነበረም።

ወደ ጣና ስንመለስ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ድረስ የነጭ ዓሣ ጫጩት ከመቶ 90 ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ከዚያ ወዲህ እንቦጭ መጣ፤ ርብም ተገደበ። ለቤት መሥሪያ ከወንዞቹ የሚዛቀው ጠጠርስ? ያ የእናቲቱ ጎጆ ነው።

አንድ ነገር ግን በቅንነት እንነጋገር። መረቡን የሚዘረጋው ከእኛው ቤት የወጣ ሰው ነው፤ የአንዳንዶቻችን ደብተር የሚገዛው በዚያ ዓሣ ነው። በነሐሴ ሩዙ ገና አልደረሰም፤ ጎተራውም ባዶ ነው። ጴጥሮስና እንድርያስም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ ስለዚህ ከመድረክ ላይ ሆኖ አጥማጁን ብቻ መውቀስ ለእኔ ደስ አይለኝም። ገዢውም አለበት። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን ተሸክማ ሽቅብ የምትወጣበት ጊዜም ያው ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወው። የሚበላ ቤት ግን በእነዚያ ሳምንታት በወንዝ አፍና በወንዝ ውስጥ የተያዘውን አይግዛ፤ ሻጩን ከየት እንዳመጣው ይጠይቀው። ብርብራ የሚወቅጥ ጓደኛ ያላችሁም፣ ለሌላ ሰው ከመንገራችሁ በፊት ራሳችሁ ሐምሌ ሳይገባ ሄዳችሁ አነጋግሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።