ጠግቦ ላደረ ሰው ምን ይጎድለዋል?

እዚህ ሐዋሳ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ስላለባቸው ጐልማሶች መኖሪያ ባነሣሁ ቁጥር ጨዋታው ከእንጀራና ከአልጋ አያልፍም። በላ፣ ታጠበ፣ ተኛ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ራብ በሚታወቅበት አገር ይህን ማናናቅ ነውር ነው። ነገር ግን የአርባ ዓመት ሰው፣ አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ሲወጣ ልይ ቢል ማን ይሰማዋል?

ሕጋችንም ቢሆን አያግዘውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 339 አእምሮው ያላደገውን ከአእምሮ ሕመምተኛው ጋር በአንድ ስም ይጠራዋል። በቁጥር 341 ደግሞ በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በመጦሪያ ቤት የሚኖር ሰው፣ እዚያ እስካለ ድረስ እብደቱ በግልጽ እንደ ታወቀ ይቆጠራል፤ የፈረመው ውልም ሊፈርስ ይችላል። መጠለያው ራሱ ፍርድ ሆነ ማለት አይደለም? ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን በአንቀጽ 19 የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጡን መብት ለሰውየው ይሰጣል።

እናቱ ሞታ፣ ዘመድ ሸሽቶት፣ ምርጫው ከየት ይምጣ? የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። እኔ ግን የሚለገሰው ገንዘብ ለአንድ ተጨማሪ አልጋ ከሚውል፣ ነዋሪውን ይዞ ሐይቁ ዳር ለሚወርድ ሠራተኛ ደመወዝ ቢሆን እመርጣለሁ፤ አንድ አልጋ ሲቀር አንድ ሰው ደጅ እንደሚያድር እያወቅሁ።