ፀሐይ የምትሞቀው

ሐዋሳ ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይ የግቢያችንን ካብ ትነካለች። ከድንጋዮቹ መሃል መጀመሪያ አፍንጫዋ ብቅ ይላል፤ ቆይቶ አንገቷ፤ በጣም ቆይቶ የቀረው ሰውነቷ። እንሽላሊት ናት። ጀርባዋ ቡናማ ነው፤ ከዓይኖቿ አካባቢ የሚነሱ ሁለት ፈዛዛ ቢጫ መስመሮች በግራና በቀኝ እስከ ጅራቷ ይወርዳሉ። ቅርፊቷ ቅቤ የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ዊልሄልም ፒተርስ ዝርያዋን እ.ኤ.አ. በ1844 ሲመዘግብ የሰጣት የላቲን ስም «ባለመስመር» ማለት ነው።

ድንጋዩ ላይ ስትደርስ ትነጠፋለች። ጎኗን ዘርግታ ሆዷን ከድንጋዩ ታጣብቃለች። የራሷን ሙቀት ማመንጨት ስለማትችል፣ እስክትሞቅ እግሯም ይዘገያል፣ የበላችውም ቶሎ አይፈጭላትም። ዓይኗን ጨፍና እንኳ ደጁን አትተወውም፤ የታችኛው የዓይን ቆቧ መሃል ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ መስታወት የመሰለ ክብ አለ። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የተኛች ስትመስለኝም ቀስ ብዬ ነው የማልፈው።

አንድ ሰሞን እህቴ አራስ ነበረች። እናቴ በየጠዋቱ ሕፃኑን ቅባት ትቀባና ካቡ ሥር እግሯ ላይ አስተኝታ ፀሐይ ታሞቀዋለች። እንሽላሊቷ ከራሳቸው በላይ ተነጥፋ ሳያት ላባርራት እጄን አነሳሁ።

«ተዋት፣ ትሙቅ» አለች እናቴ። «ሆዷን አታይም?»

እውነትም ሆዷ ወደ ጎን ወጥቷል። የእሷ ዝርያ እንቁላል አይጥልም፤ ልጆቹን በሆዱ አሳድጎ ይወልዳል። እንቁላል ከሚጥሉት አብዛኞቹ ልጆቻቸውን ለአፈር ሙቀት አደራ ሰጥተው ይሄዳሉ። እሷ ግን ይዛቸው ትዞራለች። የዛፍ ጥላ ሲደርስባት ወደሚቀጥለው ድንጋይ ስትሸጋገር፣ ልጆቿንም ወደ ፀሐይ እያወጣች ነው። እኔ ለዓመታት ስንፍና ይመስለኝ የነበረው ያ ዝም ብሎ መጋደም ከእናቴ ሥራ ጋር አንድ ነበር። ካቡ ሥር ሕፃኑ ከውጭ ይሞቃል፣ ካቡ ላይ ያሉት ከውስጥ። ሁለቱም እናቶች የሚጠብቁት ያንኑ ብርሃን ነው፤ ደመና ሲመጣ ሁለቱም አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ።

ሕፃኑ ክርስትና ከተነሣ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ካቡ ላይ ሦስት ትንንሾች አየሁ። ከጣቴ አይረዝሙም፤ መስመሮቻቸው ግን ከእናታቸው ይደምቃሉ። እሷ ራቅ ብላ ነበር፤ እንሽላሊት ልጆቿን አታጎርስም። አንደኛው ጥላ ያለበት ድንጋይ ላይ ጥቂት ቆየና፣ በደረቱ እየተሳበ ወደ ብርሃኑ ወጣ። ከዚያም ማንም ሳያሳየው ጎኑን ዘርግቶ ተነጠፈ።